የአያ ከርከሮ ሆድና የእናቱ ጉድጓድ

ዱሮ ነው፤ በጣም ዱሮ። “ወፈርህ” ሲባል ሰው ደስ ይለው በነበረበት ዘመን፣ ስሙን ዛሬ የሚያስታውሰው በሌለ አንድ ቆላ አገር፣ አያ ከርከሮ የሚባል ነበር። ልጆች፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። ትልልቆቹም ጠጋ በሉ፤ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

አያ ከርከሮ እናቱ ያወረሰችው ጉድጓድ ነበረው። ከግራር ሥር የተቆፈረ፣ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ፣ በበጋ የሚቀዘቅዝ፣ በክረምት የሚሞቅ። ከርከሮ ደግሞ ወደ ቤቱ ሲገባ እንደ ሌላው አውሬ በጭንቅላቱ አይገባም። ዞሮ፣ ጅራቱን አስቀድሞ፣ ወደ ኋላ ነው የሚገባው። ፊቱና ክራንቻው ወደ ደጅ ሆነው በሩን ይጠብቃሉ። እናቱም በሕይወት ሳለች፣ “ልጄ፣ የዚህን ጉድጓድ አፍ እንዳታሰፋው። ለእኛ በር ነው፣ ለነብር ግድግዳ ነው” ትለው ነበር።

ያን ጊዜ አበላላቸውም ወግ ነበረው። ጧት እናት ትቀድማለች፣ ልጆች በሰልፍ ይከተላሉ። ጥሩ ሣር ያለበት ሲደርሱ በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው መብላት ይጀምራሉ። ልክ መጣፈጥ ሲጀምር እናትየው ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ታነሣለች። በቃ! ጅራት ከተነሣ አፍ ይነሣል። አንዲት ጉርሻ ልጨምር የለም፤ ጉዞ ወደሚቀጥለው ቁጥቋጦ።

“እማ፣ ገና እኮ አልጠገብሁም!” ይላል ትንሹ ከርከሮ።

“እዚያ ማዶ ትጠግባለህ” ትለዋለች።

እዚያ ማዶም ሲደርሱ እንደዚያው ነው። ትንሽ ሣር፣ ትንሽ ሥር፣ የወደቀ ፍሬ ከተገኘ ፍሬ፣ ትል ከተገኘ ትል። ጅራት ይነሣል፣ ጉዞ ይቀጥላል። ማታ ቤታቸው ሲገቡ አገሩን ሁሉ ዞረውታል፤ የራበው የለም፣ የጨነቀውም የለም። እሱ ግን ያኔ ያጉረመርም ነበር። ወይ ልጅነት! ያለው ነገር የሚጣፍጠው ካለፈ በኋላ ነው።

እናት ሞተች፤ እህት ወንድሞቹም እያገቡ በየአገሩ ሄዱ። አያ ከርከሮ ብቻውን ቀረ። አንድ ገበሬም መጥቶ ከጉድጓዱ አጠገብ ማሽላና ስኳር ድንች ዘራ፤ ዘርቶም ሳይሰበስብ ምን እንደሆነ እንጃ አገሩን ጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አያ ከርከሮ ለምን ይጓዝ? ከበሩ ወጣ ብሎ ይንበረከካል፣ እስኪመሽ ይበላል፣ የተረፈውን ድንች ከደጁ ይቆልላል። ጅራት የሚያነሣበት የለ!

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሊገባ ዞረ። ገፋ፣ ገፋ። ጅራቱ ገባ፤ ዳሌው ገባ፤ ሆዱ እምቢ አለ።

“ይህ ጉድጓድ ጠበበ እንዴ?” አለ። ሞኝ ሁልጊዜ የሚከስሰው በሩን ነው።

ያን ዕለት ደጅ አደረ። ነብር ከማዶ ሲያጉረመርም ሰማ፤ እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞረም። ከነብሩ ይልቅ ግን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። የዱሩ ሕግ፣ “የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ባለቤቱ ያልገባበት ጉድጓድ ቀድሞ ለገባበት ነው” ይላል። ዝናቡ ደግሞ እየቀረበ ነው። ካልከሳ የእናቱ ቤት ሊሄድበት ነው።

ጧት እመት ጃርት እሾህዋን እያንኳኳች መጣች። ጎረቤቱ ናት። ድንጋይ ሥር እየተኮራመተች ስለምታድር ያንን ጉድጓድ ከዱሮ ጀምራ ትመኘዋለች።

“አያ ከርከሮ፣ ምነው ደጅ አደርህ?”

“ተይኝ እባክሽ። የእናቴ ቤት አላስገባ አለኝ።”

“ለዚህ ነው የምታለቅሰው? እኔ ስንቱን አየሁ፣ ስንቱን አከሳሁ! አንተን ያወፈረህ እህልና ሥር ነው። ማሽላውም ድንቹም ሆድ ሲገባ ስብ ይሆናል። እሱን እርም ብለህ ሥጋ ብቻ ብላ። ነብርን አላየኸውም? አንድ ፍሬ ማሽላ ቀምሶ አያውቅም፣ ወገቡ የልጃገረድ ነው።”

“ሥጋ ከየት አባቴ ላምጣ?”

“ምስጥ አለ፣ ትል አለ፣ ጅብ የተወው አለ። ከእሱ እስክትጠግብ ብላ። ድንቹ ግን ከፊትህ ይራቅ፤ ዓይን ያየውን ሆድ ይጠይቃል። አምጣና እኔ ልጠብቅልህ።”

ምስኪን! የቆለለውን ድንች ሁሉ ተሸክሞ ከደጇ አደረሰላት፤ አመስግኖም ተመለሰ። እሷም በደንብ ጠበቀችለት፤ በሆዷ።

እውነቱን እንናገር፣ አያ ከርከሮ ከሳ። በመጀመሪያው ሰሞንማ ውሃው እንደ ፈሰሰ አቁማዳ ሸተት አለ። “አገኘሁት!” ብሎ ጨፈረ። ውሎ ሲያድር ግን መክሳቱ ቆመ። “ሥጋ አያወፍርም” ስለተባለ ከኩይሳው ሥር ተቀምጦ ምስጡን ከጧት እስከ ማታ ያግበሰብሳል። ሕልሙ ሁሉ ደግሞ ስኳር ድንች ሆነ። አንድ ቀን ነፋስ የድንቹን ሽታ ከእርሻው ይዞ መጣበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ሙሉ መደብ ጨረሰ፤ በማግስቱም ሌላውን።

ዞረ፤ ገፋ፣ ገፋ። ጅራቱ ገባ፤ ዳሌው ገባ፤ ሆዱ እምቢ አለ።

“እመት ጃርት፣ ሥጋው አልሆነኝም።”

“ስንቱን አየሁ፣ ስንቱን አከሳሁ! ድሮስ ሥጋ ላንተ መች ይስማማል? ወደ እመት ጦጢት ሂድ።”

እመት ጦጢት ሾላ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

“ፍሬ ብቻ ብላ” አለችው። “ፍሬ ከላይ የሚመጣ ነገር ነው፣ ቀላል ነው። እኔን እየኝ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስዘል ቅርንጫፉ አያውቀኝም።”

“ስንት ልብላ?”

“ፍሬ ይቆጠራል እንዴ? የወደቀውን ሁሉ!”

በፍሬውም ከሳ፤ እንደ ሥጋው ፈጥኖ አይሁን እንጂ ከሳ። ከዚያ ሾላው በሰለ። እሷ እየዘለለች ትበላለች፣ እሱ ከሥሩ ተጋድሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የወደቀውን ሁሉ በላ። ሲጨርስ ወደ ቤቱ ሄዶ ዞረ፤ ገፋ፣ ገፋ። ጅራቱ ገባ፤ ዳሌው ገባ፤ ሆዱ እምቢ አለ።

“ስንቱን አየሁ፣ ስንቱን አከሳሁ!” አለች እመት ጃርት። ጉንጯ ተነፍቶ ድምፅዋ እየጎረነነ ነበር። “እንግዲህ መድኃኒቱ መጾም ነው። ጋሼ ዘንዶን ጠይቃቸው።”

ጋሼ ዘንዶ ከቋጥኝ ላይ ተጠቅልለው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ዓይናቸውን ብቻ ገለጡለት።

“ልጄ፣ ይህ በየቀኑ መብላት የሚሉት ከማን የመጣ ነው? እኔ አንድ ሚዳቋ ከዋጥሁ ጨረቃዋ ሞልታ እስክትጎድል አፌን አልከፍትም።”

“አይርብዎትም ጋሼ?”

“እተኛለኋ!”

አያ ከርከሮም ጆሮው እስኪጮህ ጾመ። ከሳ፣ እንዴት አይከሳ! ነገር ግን እሱ እንደ እሳቸው ተኝቶ የሚውል ፍጥረት አይደለም፤ ዓይኑ ፈጥጦ ይውላል፣ የሚያስበውም ስለ መብል ብቻ ነው። የመፍቻው ቀን ደረሰ። ያልበላባቸውን ቀናት ሁሉ በአንድ ቀን በላቸው። ጉድጓዱ ላይ ያለውን ነገርማ ታውቁታላችሁ፤ ሆዱ እምቢ አለ።

ደመናው በምሥራቅ መቋጠር ጀመረ። አያ ከርከሮ ከግራሩ ሥር ዘጭ ብሎ ተቀመጠና አሰበ። “ሥጋውም አከሳኝ፤ ፍሬውም አከሳኝ፤ ጾሙም አከሳኝ። ሦስቱም መልሰው ለዚህ ሆድ አስረከቡኝ። ምኑን ይዤ ምኑን ልተው?”

ይህን ሲል በማዶ ሜዳ ላይ አንዲት የማያውቃት እናት ከርከሮ ልጆቿን አስከትላ መጣች። ተንበረከኩ፣ በሉ። ልክ መጣፈጥ ሲጀምር ጅራቷን ቀጥ አደረገች። ትንንሾቹ ያፋቸውን ሣር እንዳንጠለጠሉ ተነሡ፣ ጅራታቸውን አቁመው ተከተሏት። አንደኛው ኋላ ቀርቶ ያጉረመርማል።

አያ ከርከሮ እንባው መጣ። የእናቱ ጅራት ታየው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ጥቁር ጸጉር፣ ከረጅም ሣር በላይ ብቅ ብላ “ና” የምትለው። ያን ሁሉ ዘመን የተመራው በዚያች ጸጉር ነበር።

“እናቴ ይህን ብላ፣ ያን አትብላ ብላኝ አታውቅም” አለ ለራሱ። “ተነሥ ነው ያለችኝ። እኔ ሥጋም ስበላ ተቀምጬ ነው፣ ፍሬም ስበላ ተጋድሜ ነው። የሚያስነሣኝ አጣሁ እንጂ የምበላው መቼ አጣሁ?”

በማግስቱ ከእርሻው ዳር ተንበረከከ። ሦስት አራት ጉርሻ እንደ በላ፣ ልክ ሲጣፍጠው፣ ጅራቱን ራሱ አነሣ። ከኋላው የሚከተል የለም፤ አፍሮ ዙሪያውን አየ። ቢሆንም ተነሣ፣ ወደ ማዶ ሄደ። እዚያም ትንሽ ሣር፣ ትንሽ ሥር፣ ከተገኘም ፍሬ። እናቱ ያዞረችውን መንገድ እግሩ አልረሳውም። አገሩ የሰው አገር የሆነበት መስሎት ነበር፤ ለካ እሱ ነው ቤት የዋለ። ውሎ አድሮ ሆዱ ሳይጣደፍ፣ ሳይጮህ፣ ቀስ እያለ ጎደለ። እንደ ሥጋው ሰሞን የሚያስጨፍር አልነበረም፤ ግን የሄደው ሳይመለስበት ቀረ።

እመት ጃርትስ? ድንቹን ስትጠብቅ፣ ድንቹ እሷን አሸንፏት፣ ስትራመድ እሾህዋ መንኳኳት እስኪተው ተነፍታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። አያ ከርከሮ ከሩቅ ሜዳ ሳለ የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫው ላይ አረፈች። “የእናቴ ቤት!” ብሎ ጅራቱን አቁሞ ሮጠ። ከኋላው ቁጥቋጦው ሲንኮሻኮሽ ዞሮ አየ፤ ነብር!

እየበረረ ከጉድጓዱ ሲደርስ በሩ ላይ የቆመ እሾህ ጠበቀው። እመት ጃርት ቀድማ በጭንቅላቷ ገብታ ኖሮ ግማሽዋ ውስጥ፣ ግማሽዋ ደጅ ተወትፋለች።

“እመት ጃርት! ምን ታደርጊያለሽ?”

“ቤቱን እየጠበቅሁልህ ነው!” አለች ከውስጥ፣ በታፈነ ድምፅ።

ነብሩ ዘለለ። አያ ከርከሮ ወደ ጎን ተሽቀነጠረ፤ ነብሩም ሁለት መዳፉን ከእመት ጃርት እሾህ ላይ አሳረፈ። ጩኸቱ ከማዶ ገደል ተመልሶ መጣ። እያነከሰ፣ መዳፉን እየላሰ፣ ሳይሰናበት ሄደ።

“አውጣኝ፣ አያ ከርከሮ! ውሃው ሊያሰምጠኝ ነው!”

ዝናቡ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። አፉን በክራንቻው ቢያሰፋው በቀላሉ ትወጣለች። አሰበ፤ የእናቱም ቃል ትዝ አለው።

“በሩን አላፈርስም። ወደ ኋላ ልጎትትሽ።”

“እሾሄ ግድግዳውን ይዟል! ይነቀልብኛል!”

“እሾህሽን ነው የምትፈልጊው ወይስ ነፍስሽን?”

ቀስ ብላ፣ “ጎትት” አለች።

ጎተተ። እመት ጃርት እሪ እያለች ወጣች፤ ጀርባዋ እንደ ተነጨ ዶሮ፣ እሾህዋ ከግድግዳው ላይ ቀረ። እሱም እሾሁን በአፉ እየለቀመ ጣለና ዞረ።

ገፋ። ጅራቱ ገባ፤ ዳሌው ገባ፤ ሆዱ... ሆዱም ገባ። ፊቱን ወደ ደጅ አድርጎ፣ የእናቱን ቤት አፈር እያሸተተ፣ ዝናቡን አየው። የልጅነቱ ዝናብ ነበር፤ ያው ሽታ፣ ያው ድምፅ። “እማ፣ ገባሁ” አለና አለቀሰ።

ጧት ሲወጣ እመት ጃርት ራቁት ጀርባዋን ይዛ ደጁ ላይ ተኮራምታለች። ስንቱን እንዳየች አልተናገረችም። አያ ከርከሮም አልተሳደበም። ጥቂት ሣር በላ፤ ልክ ሲጣፍጠው ጅራቱን አነሣ። ጥቂት እንደ ሄደ ከኋላው ኮሽታ ሰማ። እመት ጃርት አጭር እግሯን እየጎተተች ትከተለዋለች።

“ገና እኮ አልጠገብሁም!” አለች።

“እዚያ ማዶ ትጠግቢያለሽ” አላት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ግን ይቅር፣ ሲጣፍጠኝ ተነሥቻለሁ። እናንተም ሆዳችሁ እምቢ ያላችሁ ቀን ይህችን አትርሱ፦

ገበታ ከመለወጥ፣ ከገበታ በጊዜ መነሣት።