ለምን አትጠይቁም?

የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ሞላልኝ ቆላ ውስጥ ወዳለች አንዲት ቀበሌ በመኪና ወርደው ወላጆችን በትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰቡ። ትምህርት ቤቱ መምህር አይበረክትለትም። መስከረም ላይ የመጣው ጥር ሳይገባ አንዱ እናቴ ታመመች፣ ሌላው ወንድሜን ልድር ብሎ ይሄድና በዚያው ይቀራል። ዘንድሮ የተረፈው ርእሰ መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም ከክፍል ክፍል እየሮጠ ያስተምራል።

አቶ ሞላልኝ ጃንጥላ ተይዞላቸው ተናገሩ።

«ጥፋቱ የእናንተ ነው። እውነተኛ መምህር ሙቀት ነው፣ ወባ ነው ብሎ ተማሪውን ጥሎ አይሄድም። የሚሄደው ዝም ስላላችሁት ነው። ለምን አትጠይቁም? እናትህ ተሻላት ወይ፣ ሰርጉስ አላለቀም ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?»

ሕዝቡ አቀረቀረ። ለመምህራን ቤት የምታከራይ አንዲት ሴት ከኋላ ተነሳች።

«ልክ ነዎት፣ መምህር» አለች።

«ኃላፊ ነኝ» አሉ አቶ ሞላልኝ።

«ይቅርታ፣ እኔ ቤት ተከራይተው እዚህ አራተኛ ክፍልን ሲያስተምሩ መምህር ማለት ለምጄ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ መጠየቅ ነበረብን። ነውር መስሎን ተውነው እንጂ ፍራሽዎን እንኳ እስከ ዛሬ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።»

ነጠላዋን አስተካከለችና ጠየቀች።

«አስነቅዬ ልምጣ ብለው የሄዱት ጥርስ፣ ለመሆኑ ተነቀለልዎት?»