ኮት የሚገለበጥበት መስክ

በምዕራብ አየርላንድ ባሊንሮ በምትባል መንደር፣ ከኮረብታው ሥር ያለውን መስክ የሚያቋርጥ የአገሬው ሰው ሁሉ፣ ቄሱም ቢሆኑ፣ በሩ ላይ ቆሞ ኮቱን ገልብጦ ይለብሳል። ለመንደሩ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ ኑአላ ከምትባል ሴት ይጀምራሉ።

ኑአላ ከእናቷ ጋር ተጣልታ፣ እመቤት ሳልሆን አታዩኝም ብላ ወደ ከተማ ወረደች። የሆነችው ግን የሰው ቤት ሠራተኛ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አግብቻለሁ፣ ተከብሬአለሁ የሚል የሐሰት ደብዳቤ እየላከች፣ እውነቱን ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች። እናትሽ ሊሞቱ ነው የሚል መልእክት ሲደርሳት፣ ላዩ ቀይ ሱፍ፣ ገበሩ ግን እራፊ በእራፊ ላይ የተጣፈበት ኮቷን ደርባ መጣች።

መስኩ መሀል ስትደርስ በሩ ጠፋባት። እንደሚነገረው፣ ኮረብታው ውስጥ የሚኖሩት፣ ለዓይን የማይታዩትና ስማቸው የማይጠራው፣ የእነሱን ሣር የረገጠ ሰው መውጫውን ይሰውሩበታል። የእናቷ ቤት ጭስ ከአጥሩ ማዶ ይታያታል፤ የድንጋዩን አጥር እየዳሰሰች ብትዞር፣ ብትዞር፣ በር የለም። የሚያናድደው ደግሞ መድኃኒቱን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ልብስን ገልብጦ መልበስ ብቻ ነው። ነገር ግን ጎረቤቶቿ ለስንብት ወደ እናቷ ቤት ይጎርፋሉ፤ በእነሱ ፊት ይህን እራፊ ለብሼ ከማልፍ እዚሁ ልቅር አለች። ረፋዱ አልፎ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ዞረች፤ ጨነቃት፣ መስኩ ሁሉ ጠበባት።

በመጨረሻ ከቤቱ የእናቷን የደከመ ድምፅ ሰማች።

«ኑአላ አልመጣችም?»

ያን ጊዜ እያለቀሰች ኮቷን ገለበጠች። በሩ አጠገቧ ነበር ይባላል።

የእናቷ ዓይን ጠፍቶ ስለነበር ኮቱን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ከእራፊዎቹ መሀልም ልጃቸው ስትሄድ ይዛው የሄደችውን የራሳቸውን ሽርጥ ጨርቅ አገኙ።

«ደብዳቤ የምትጽፍልኝን ሴትዮ አላውቃትም ነበር» አሉ። «አንቺን ግን አውቅሻለሁ።»

በማግስቱ አረፉ።

ዛሬ መስኩን ለማየት ከሩቅ ከተማ የሚመጣው ብዙ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚስመውም፣ ከተወ የቆየውም። የኮረብታው ሰዎች አሉ፣ የሉም እያሉ ይከራከራሉ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን የኮታቸውን ቁልፍ ይዘው ረጅም ጊዜ የሚቆሙ አሉ፤ ሳይገለብጥ የሚገባም አይጠፋም። ሽማግሌዎቹ አይከለክሉትም። የራሳቸውን የተቀደደ ገበር ለፀሐይ ሰጥተው፣ አጥሩን ተደግፈው ይጠብቁታል።