ላልሞተች ሴት የተነፋ ጥሩምባ

በአንድ ወቅት፣ ሰው የጎረቤቱን ደጅ ሳይረግጥ በስልኩ «እንዴት አደራችሁ» ማለት በጀመረበት ዘመን፣ ሾላ በር በምትባል ከተማ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የተባሉ እናት ነበሩ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ የከተማው እድር ዳኛ ነበሩ፤ ሲሞቱ ትተው የሄዱት ሀብት ሳይሆን ወርቃማ ጥልፍ ያለው አንድ ጥቁር ካባ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካባውን ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበት፣ «ከሦስቱ ልጆቼ ለከተማችን ትልቅ ነገር ለሠራው በሕዝብ ፊት አለብሰዋለሁ» አሉ። እንዲህ ያለ ቃል በልጆች መካከል መወርወር ምን እንደሚያመጣ እናት ሆነው አለማወቃቸው ይገርማል።

ታላቁ መኩሪያ፣ ሸንጎ በሚባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ ዋና ከተማ ያለው ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ሾላ በር ሁሉ የሚያወራው በሸንጎ ነው፤ መኩሪያ ደግሞ በሸንጎ ላይ የሚወጣውን ሐሰተኛ ወሬ ያጠፋል። እናቱ ይህን ለጎረቤት ሁሉ ተናግረው አይጠግቡም።

ታናሹ ይታየው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ገና ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ከተማው ሥራውን ጥሎ ይወጣል። እናቱ የእሱን ድምፅ በሰሙ ቁጥር፣ ለቅሶም ቢሆን፣ ደስ ይላቸዋል።

መካከለኛዋ ሙሉእመቤት የኮምፒዩተር መምህርት ናት። አንድ ፔጅ የማን እንደሆነ፣ ከየት ሆኖ እንደሚጻፍ አነፍንፋ ታውቃለች። ይህን ችሎታዋን እናቷ ለጎረቤት ሲያስረዱ ግን «እሷማ ስልክ ስታይ ትውላለች» ከማለት አላለፉም። ሙሉእመቤት ካባውን ከልጅነቷ ጀምሮ ትመኘው ነበር። ሣጥኑ ተከፍቶ የእናቷ ዓይን ግድግዳው ላይ ወዳለው የመኩሪያ ፎቶ ሲሄድ ባየች ቁጥር፣ ቅናት እንደ ቃር ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣባታል።

እንዲህ እያለ የምርጫ ዘመን መጣ። ወይዘሮ ባንቺወሰን የተባሉ የከተማዋ የቀድሞ ርዕሰ መምህርት፣ «የወርቅ ተራራችንን ለባዕድ አላስረክብም» ብለው ለምክር ቤት ተወዳደሩ። ተራራውን የቋመጠ አንድ የባሕር ማዶ መንግሥት ይህን አልወደደውም። ጦር ግን አልላከም፤ ወሬኛ ቀጥሮ ወሬ ላከ። በሸንጎ ላይ «የሾላ በር ልጆች»፣ «የእድራችን ድምፅ» የሚባሉ ፔጆች ብቅ አሉ። ለኩባንያው የማስታወቂያ እየከፈሉ ስለ ሠርጉ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ኳሱ ይጽፋሉ። ሰውም ወደዳቸው።

ሙሉእመቤት ግን ጠረጠረች። ፔጆቹ የእኛ በዓል ሲሆን እንደ ሥራ ቀን ሲጽፉ ይውላሉ፤ የባሕር ማዶው አገር በዓል ሲሆን ደግሞ ሁሉም ባንዴ ጸጥ ይላሉ። «አዝመራችን» ብለው የለጠፉት ማሳ ላይ ያለው ተክል ሾላ በር ውስጥ አይበቅልም። የጥቆማውን ምልክት ተጭና ለሸንጎ ላከች። «ለጥቆማዎ እናመሰግናለን» የሚል የማሽን መልስ መጣላት።

ለወንድሟ ለመኩሪያ ብትደውል ነገሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር። ቁጥሩን አወጣችው፤ አየችው፤ መልሳ ዘጋችው። «ብደውልለት የሚያጠፋው እሱ ነው፤ እማዬም ‹ልጄ አገር አዳነ› ትላለች፤ ካባውም ይሄዳል» አለች በልቧ። ማስረጃውን አደላድላ በራሷ ስም ልታወጣው አስቀመጠችው። ይህን ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም። እናንተ ግን ያዙልኝ።

የምርጫው ቀን ሊነጋ ሲል «የእድራችን ድምፅ» መርዶ ለጠፈ። ወይዘሮ ባንቺወሰን በመኪና አደጋ አርፈዋል፤ አስከሬናቸው በመንገድ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ቤታቸው ተሰብስቦ ይጠብቅ። ሴትየዋ የታመሙ አክስታቸውን ሊጠይቁ ኔትወርክ የሌለበት ቆላ ወርደው ስለነበር፣ የደወለላቸው ሁሉ አላገኛቸውም። ወሬ ላኪዎቹ አጥንተውናል፤ አስከሬን በመንገድ ላይ እያለ ለቅሶ ቤት ጥሎ ድምፅ ልስጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ሾላ በር ውስጥ እንደሌለ ያውቃሉ። ይታየው መርዶውን አየና ማንንም ሳይጠይቅ ጥሩምባውን ነፋ። ከተማው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ምርጫ አስፈጻሚዎቹም ከባዶ ኮሮጆ ጋር ተፋጠጡ።

ሙሉእመቤት መርዶውን ደጋግማ አነበበችው። የቀብሩን ቦታ አይናገርም። የእድር መርዶ ሆኖ ቀብሩ የት እንደሆነ የማይል ታይቶ አይታወቅም። ያጠራቀመችውን ማስረጃ ሁሉ በስሟ ለጠፈችው፤ ሰው ይቀባበለው ጀመር። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ለወንድሟ ደወለች።

«ጋሼ፣ መርዶው ውሸት ነው። ፔጆቹ የባዕድ ናቸው፤ ማስረጃውን ልኬልሃለሁ።»

«መቼ ነው ያገኘሽው?»

«አሁን የወሬ ጊዜ ነው?» አለችና ዘጋችው።

መኩሪያ ወደ አለቃው ሮጠ። አለቃው፣ «ለማስታወቂያ የሚከፍል ደንበኛ ውጭ አገር ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ አይነካም፤ እዚያ ደግሞ ገና ሌሊት ነው፤ ሰው አልተነሣም» አለው። «እነሱ እስኪነሡ ምርጫው ያልቃል» አለና መኩሪያ በገዛ ሥልጣኑ ፔጆቹን ዘጋ፤ የሴትየዋን ሞት የሚያነሣ ጽሑፍም በሙሉ ጠራርጎ አጠፋ። እዚያው ተባረረ። ወሬው ወደ ሌላ ከተማ እንዳይዛመት ግን ቆርጦታል። ሲጠራርግ ታዲያ የእህቱም ማስረጃ አብሮ ተጠረገ። ድንኳን ውስጥ ያለውም ሰው፣ «መርዶው ከሸንጎ ጠፋ? እንግዲያው እውነት ነው፤ ሊደብቁን ነው» ብሎ ባሰበት።

ሙሉእመቤት ጽሑፏን ፈልጋ ስታጣው ዓይኗ ደም ለበሰ። «ሆን ብሎ ነው! ስሜ እንዳይጠራ ነው!» አለች። ቢሆንም አልተቀመጠችም፤ ወደ ድንኳኑ ሄዳ ታናሽ ወንድሟን በክንዱ ጎትታ አወጣችው።

«ቀብሩ የት ነው?»

«አይልም፣ እትዬ።»

«ቀብሩን ሳታውቅ ነፍተህ ታውቃለህ?»

ይታየው ሴትየዋ የሄዱበትን ከጎረቤታቸው ጠየቀ። ወዲያው ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ወደ ቆላ ወረደ። ወይዘሮ ባንቺወሰንን ለአክስታቸው አጥሚት ሲያጠጡ አገኛቸው። «ሞተዋል ተብሎ ከተማው ለቅሶ ተቀምጧል፤ ይነሡ!» ቢላቸው፣ «ማን አባቱ ነው የገደለኝ?» ብለው ነጠላቸውን አፈፍ አደረጉ።

በሾላ በር እድር ሕግ ላልሞተ ሰው ጥሩምባ የነፋ ዳግመኛ ጥሩምባ አይዝም። ለነገሩ ዝም ቢል፣ ሴትየዋን አድርሶ ሰው መሀል ቢጠፋ፣ በእልልታው ማን ያስታውሰዋል? ይታየው ግን ድንኳኑ ፊት ቆሞ ነፋ። «የነፋሁት ውሸት ነው! ወይዘሮ ባንቺወሰን ይኸው በሕይወት አሉ! ተነሡና ምረጡ!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ እያለቀሰም እየሳቀም፣ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ወደ ምርጫ ጣቢያው ጎረፈ። ይታየው ጥሩምባውን ለእድሩ ዳኛ አስረክቦ ወደ ቤቱ ሄደ። ማን እንዳሸነፈ ለጨዋታችን አይጠቅምም፤ ብቻ ሰው ያሻውን መርጦ ገባ።

በተከተለው እሑድ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካባውን ይዘው እድሩ ቤት መጡ። የእድሩ ዳኛ ተነሥተው፣ «መኩሪያ ባይኖር ወሬው አገር ያዳርስ ነበር። ይታየው ባይኖር ድንኳኑ አይነሣም። ሙሉእመቤት ባትኖር ሁለቱም ከተቀመጡበት አይነቃነቁም» ብለው ተቀመጡ።

መኩሪያ አንገቱን ደፋ። «እማዬ፣ ለእኔ አይሆንም። የእህቴ ጥቆማ ቀደም ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ደርሶ ነበር። ከእኔ ቀድማ ማየቷ አናደደኝ፤ ስሟን አይቼ አለፍኩት።»

ሙሉእመቤት ክው አለች።

ይታየውም፣ «ለእኔም አይሆንም» አለ። «ሁልጊዜ ወሬ የምሰማው ታላላቆቼ ከሰሙ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን ቀደምኳቸው። ሌላ ሳይናገረው ብዬ ሳላጣራ ነፋሁ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሁለቱን ልጆቻቸውን አይተው ተነፈሱ። ከዚያ ካባውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ሙሉእመቤት ዞሩ። «እንግዲህ ያለ ነውር የቀረሽው አንቺ ነሽ። ነይ፣ ልጄ።»

ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው ቃል ይኸው ነው። ወንድሞቿን አየቻቸው፤ በዓይናቸው ቅናት ፈለገች፣ አጣች። መኩሪያ ያጨበጭባል፤ ይታየው በጣቱ እያፏጨ ነው። ያን ጊዜ ሙሉእመቤት እንደገና ቀናች፤ ከቀድሞው ሁሉ ይልቅ ቀናች። አሁን ግን የቀናችው በካባው አይደለም፤ ሁለቱ ነውራቸውን በሕዝብ ፊት ተናግረው እንዲህ ቀልሏቸው መቆማቸው ነው ያንገበገባት። አንድ እርምጃ ወደ እናቷ ተራመደች። አፏን ከፈተች።

እኔ እዚህ ላይ ላቁም። በአንድ ወገን ወሬውን ቆርጦ ሥራውን ያጣው መኩሪያ አለ፤ በሌላው ከተማውን አስነሥቶ ጥሩምባውን ያጣው ይታየው። ሁለቱንም ያነቃችው፣ ምንም ያላጣችው፣ ምስጢሯንም እኔና እናንተ ብቻ የምናውቅባት ሙሉእመቤት መሀል ላይ ቆማለች። የእናትየው ክንድ እየዛለ ነውና ብዙ ሳታቆዩአቸው ንገሩኝ፤ ካባው ለማን ይገባል?