ጀርባውን የሰጠው አምባዛ

ተረት ተረት፤ ላም በበረት፣ ዓሣ በመስታወት።

ሽብሩ የሚባል ሰው ጣት የሚያክል አምባዛ ገዛ። የመስታወቱን ሳጥን ያሠራው ግን በዓሣው ልክ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ ጎን በተረፈችው ጠባብ ቦታ ልክ ነበር። አምባዛው አደገ፤ ክንድ አከለ። ሳጥኑ ያው ነው።

አንድ ቀን የሽብሩ አማት ወይዘሮ ዘነቡ ሊጠይቁት መጡ። ቤተሰቡ ሁሉ ብድግ ሲል አምባዛው ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ቀረ።

ከሶፋው ንቅንቅ ያላለችው ድመት፣ "አንተ ስድ! ለእንግዳ ጀርባ ይሰጣል?" ብላ ጮኸች።

"ሶፋ ሙሉ ተዘርግተሽ እኔን ስድ ትይኛለሽ?" አለ አምባዛው በንዴት። "አፍንጫዬ አንዱን መስታወት፣ ጅራቴ ሌላውን ነክቶ በየት በኩል ልዙር? መዞር ከተውኩ እኮ ከርሜአለሁ!"

ሽብሩ ይህን ሰምቶ አፈረ። ፈጥኖ ሄደና ሳጥኑን በሁለት እጁ አቅፎ፣ እያቃሰተ አዞረው። የአምባዛው ፊት አማቱ ፊት ተደቀነ።

"አዩልኝ እማማ?" አለ ሽብሩ ደረቱን ነፍቶ፤ "ሥርዓት አስያዝኩት!"

ተረቴን መልሱ። ዳቦው ግን ይቅርብኝ፤ ከጉሮሮዬ አይወርድም።