የፊታውራሪ የውስጥ ቃጠሎ

ፊታውራሪ ዘርጋው አውቶሞቢል ገዝተው በገቡ ሰሞን አገሩ ጉድ አለ። ጉዱ የባሰው ግን በኋላ ነው፤ ነዳጅ እያለቀበት መንገድ ላይ ቀጥ ባለ ቁጥር የሚገፉት የእሳቸውን መሬት የሚያርሱት ገበሬዎች ሆኑ።

አንድ ቀን እንዲሁ ሲገፉ፣ ምላሱ የማያርፍ አንድ ገበሬ ትንፋሽ አጥሮት፣ «ምንነቱን የማናውቀውን ነገር እስከ መቼ እንገፋለን?» አለ። ፊታውራሪ ሰሙት።

«አንተ ባለጌ!» አሉት ከመቀመጫቸው ሳይወርዱ። «የውስጥ ቃጠሎ ሞተር ይባላል። ውስጡ እየነደደ፣ በኋላው እየጨሰ፣ ጌታውን ተሸክሞ ይሄዳል። በል እስቲ፣ ይህንን በአንተ አማርኛ በአንድ ቃል ንገረኝ። ካቃተህ እስከ ደጄ ብቻህን ትገፋዋለህ!»

ጓደኞቹ አቀርቅረው መሬት መሬት አዩ። እሱ የተላጠ ትከሻውን እያሻሸ አንዴ አውቶሞቢሉን፣ አንዴ ፊታውራሪን ተመለከተ።

«ውስጡ እየነደደ ጌታውን የሚሸከም ከሆነማ፣ ጌታዬ፣ እኛ ጭሰኛ ነው የምንለው» አለ።

ፊታውራሪ ፊታቸው ደም መሰለ። ገበሬው ግን አልጨረሰም።

«መቼም ልዩነት አይጠፋም፤ ይሄኛው ሳይበላ አልሸከምም ማለት ያውቃል።»