ውሃ ያልነካው የንግሥቲቱ ታንኳ

ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የአንድ ታንኳ ነገር ነው።

ጣና ዳር አያ ምናሉ የሚባሉ ታንኳ ሠሪ አሉ። ምኞታቸው አንዲት ብቻ ነበረች፤ በእጃቸው የሠሩት ትልቁ የደንገል ታንኳ በፊልም ውስጥ ሐይቁ ላይ ሲሄድ ማየት። ምኞቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ሦስት ጊዜ አምልጣቸዋለች።

«የሐይቁ መንግሥት» የተባለውን ፊልም ያላየ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንደኛው ክፍል ሲወጣ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ መንገድ ዘጋ። ሁለተኛው ሲወጣ የታክሲ ሹፌሮች የንግሥቲቱን ፎቶ መስታወታቸው ላይ ለጠፉ። ይህ ሁሉ ተመልካች ግን አንድ ነገር አያውቅም። በአንደኛው ክፍል ንጉሡ ሐይቁን እንዲሻገር የታሰበው በታንኳ ነበር፤ ታንኳውንም አያ ምናሉ ሠርተውት ነበር። በኋላ ለንጉሥነት የተመረጠው ተዋናይ ውሃ የሚፈራ ሆኖ ተገኘና ተቀየረ። በእሱ ቦታ ናሆም መጣ። ናሆም ፈረስ አሳምሮ ስለሚጋልብ ንጉሡ በፈረስ ሐይቁን ዞሮ እንዲሄድ ተደረገ፤ ታንኳው ዳር ቀርቶ ዶሮ ዕንቁላል ጣለችበት። በሁለተኛው ክፍል ጠላት ታንኳውን ያቃጥለዋል ተባለ፤ አያ ምናሉ እያዘኑም ቢሆን ሠሩት። ያም ሐሳብ ተሰረዘና ዝናብ አበሰበሰው። በሦስተኛው ክፍል ናሆም ራሱ ተቀየረ፤ ጽሑፉ ሁሉ እንደ አዲስ ተጻፈ፤ ታንኳውም ተፈትቶ ምንጣፍ ሆነ።

አሁን የመጨረሻው፣ አራተኛው ክፍል ነው። አያ ምናሉና ባለቤታቸው አዛለች ሐይቁ ዳር የበቀለውን ደንገል አጨዱ፣ አደረቁ፣ አሰሩ። ርዝመቱ ዐሥራ አራት ክንድ፣ አፍንጫው እንደ ወፍ አንገት ቀና ያለ ታንኳ ወጣ።

አዛለች የባሏን ጣቶች አየች። ጠምመዋል፤ ጠዋት ጠዋት አይዘረጉም። «ይሄ የመጨረሻህ ነው» አለቻቸው። «በዚህ ጣት ሌላ ትልቅ ታንኳ አታስርም።» እሳቸውም ያውቁታል።

ሶስና መጣች። ሶስና የአዲሱ ክፍል ዳይሬክተር ናት፤ የቀድሞው ሥራውን ትቶ ስለሄደ ገና መግባቷ ነው። ታንኳውን ዞራ ዞራ አየችው፤ በመዳፏም ዳሰሰችው። «አያ ምናሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም» አለች። «ግን ምን ልበልዎት፤ የምትቆምበት ንግሥት የለችም። ሦስት ፊልም ሙሉ ንግሥት የሆነችው ውድነሽ አልመጣም ብላለች። ዝናብ ከገባ ደግሞ ቀረጻው ያበቃል።»

ግንቦት ሊያልቅ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዝናብ ከገባ ታንኳውም ውሃ ይጠጣና ይበሰብሳል።

ታንኳው ውሃ አይነካም፤ ንግሥት የለችማ።

«እንግዲያው እኔው ሄጄ ልጥራት» አሉ አያ ምናሉ። ሶስና አድራሻውን ጻፈችላቸው፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን አጣፍተው አውቶቡስ ተሳፈሩ።

አዲስ አበባ ደርሰው የውድነሽን በር ሲያንኳኩ የከፈተችው ራሷ ንግሥቲቱ ናት። በነጠላ ጫማ ነች፤ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። አያ ምናሉ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ያቺን ሴት ያዩዋት ዘውድ ደፍታ፣ ሺህ ሰው ሰግዶላት ነው።

«ይግቡ አባቴ፤ ማንን ፈልገው ነው?»

«ታንኳሽን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ንግሥት ሆይ ነው የሚባለው ወይስ?» አሉ።

ሳቀችና አስቀመጠቻቸው። የመጡበትን ነገር ሰምታ ግን ፊቷ ተለወጠ። «አያ ምናሉ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ። በሁለተኛው ክፍል ባሌን ሐይቁ ዳር አልቅሼ ሸኘሁት። ጉም ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ክፍል ሌላ ሰው መጥቶ ባልሽ ነኝ አለኝ። አቅፌው አለቀስኩ፤ እንባዬ ግን የውሸት ነበር፤ ካሜራው ያንን አይቶብኛል። ናሆም ካልተመለሰ ሁለተኛ የውሸት አላለቅስም።»

ንግሥት አትመጣም፤ ንጉሥ የለማ። ታንኳው ውሃ አይነካም፤ ንግሥት የለችማ።

ናሆም እዚያው ከተማ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ትረካ ያነባል። አያ ምናሉ ከስቱዲዮው መስታወት ውጭ ቆመው ጠበቁት። ድምፁን ሲሰሙ ወዲያው አወቁት፤ ፊልሙ ላይ ጦሩን ያንቀሳቀሰው ያው ድምፅ ነው። ሰውየው ግን ከሲታ ነው፤ መነጽር አድርጎ ወረቀት ይገልጣል።

«እኔ አኩርፌ አይደለም፣ አያ ምናሉ» አለ ሲወጣ። «እናቴ ሞታ ልቀብር ሄድኩ። ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ስመለስ ልብሴን ሌላ ሰው ለብሶት አገኘሁ። ዘውዱ፣ ካባው፣ ሁሉም በእሱ ላይ። ያደረገው የቀድሞው ዳይሬክተር ነው፤ እሱን ይቅር ብዬዋለሁ። ግን ተመልሼ ልምጣ ብል ምን ሆኜ ነው የምመጣው? ገና ከመጀመሪያው አንድ ትዕይንት ነበረኝ። ንጉሡ ከጉሙ ውስጥ ይመለሳል፤ ንግሥቲቱም በታንኳ ወጥታ ትቀበለዋለች። ያንን ትዕይንት አውጥተው ጣሉት። እሱ ካልተጻፈ የምገባበት በር የለኝም።»

ንጉሥ አይመጣም፤ ትዕይንት የለማ። ንግሥት አትመጣም፤ ንጉሥ የለማ። ታንኳው ውሃ አይነካም፤ ንግሥት የለችማ።

የፊልሙ ደራሲ ልሳነወርቅ ደብረ ማርቆስ ነው ያለው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። አያ ምናሉ ወደ አገራቸው በሚመልሳቸው መንገድ ላይ ወረዱ። ልሳነወርቅ ቤቱ አስገባቸውና ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተ። ካርቶኑ እስከ አፉ ወረቀት ነው።

«ይኸውልዎ፤ የተጣሉት ሐሳቦች» አለ። «ንግሥቲቱ መንታ እኅት ነበረቻት፤ ቀረች። ከተማዋ በእሳተ ገሞራ ትጠፋ ነበር፤ ቀረ። አንበሳ የሚያናግር ሽማግሌ ነበር፤ የሚጫወተው ሰው ታመመና ቀረ።» አያ ምናሉ ወረቀቶቹን በጣታቸው ጫፍ ነኩ። ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ፊልም ሥር ሌላ ሦስት ፊልም ተቀብሮ ኖሯል። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የታንኳው ትዕይንትስ?»

«እሱ ከሁሉ ይበልጥብኝ ነበር። አሁን እንኳ መላውን አውቃለሁ፤ በሦስተኛው ክፍል የመጣው ንጉሥ አስመሳይ ነበረ ብዬ እጽፋለሁ፤ እውነተኛው ከጉሙ ይወጣል። አንድ ቀን ይበቃኛል። ግን የማይቀረጽ ነገር አልጽፍም። የካሜራ ባለሙያው ጌታሰው ካሜራውን ሐይቅ ላይ አላወጣም ብሏል። ያለ እሱ ዓይን ያ ጉም ተራ ጭስ ነው።»

ትዕይንት አይጻፍም፤ ካሜራ የለማ። ንጉሥ አይመጣም፤ ትዕይንት የለማ። ንግሥት አትመጣም፤ ንጉሥ የለማ። ታንኳው ውሃ አይነካም፤ ንግሥት የለችማ።

አሁን የሚገርመው ነገር፣ ያ ሁሉ አገር የተዞረለት ሰው የሚኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ከአያ ምናሉ ቤት በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ። ጌታሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊልሞች ያነሳ የካሜራ ባለሙያ ነው። አሁን የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጻል። የሱቁ መስኮት ወደ ሐይቁ የሚያሳይ ነበር፤ በመጋረጃ ሸፍኖታል።

«በሁለተኛው ክፍል ማብቂያ በሞተር ጀልባ ወጣን» አለ ጌታሰው፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ። «ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ሥዕሉም ተንቀጠቀጠ። ሞተሩን አጥፉት አልኩ። ጠፋ። ነፋስ መጣና ወዲያ ወዲህ አንገላታን፤ ውሃ ገባ፤ ተገለበጥን። ረዳቴ ዋና አይችልም ነበር። በፀጉሩ ይዤ ነው ያወጣሁት። ለረጅም ጊዜ አልተነፈሰም፣ አያ ምናሉ። ኋላ ተነፈሰ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሐይቁን አላየሁትም።»

ካሜራው ሐይቅ አይወጣም፤ ሐይቁ ያስፈራማ። ትዕይንት አይጻፍም፤ ካሜራ የለማ። ንጉሥ አይመጣም፤ ትዕይንት የለማ። ንግሥት አትመጣም፤ ንጉሥ የለማ። ታንኳው ውሃ አይነካም፤ ንግሥት የለችማ።

አያ ምናሉ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ከዚህ ወዲያ የሚሄዱበት ሰው የለም። ሰማዩ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀምሯል፤ የቀረው አምስት ቀን ነው። ሰውየውን ልለምነው ብለው አሰቡ፤ ፊቱን ሲያዩት ተዉት። የፈራ ሰው በልመና አይደፍርም።

«ጀልባው ከምን ነበር የተሠራው?» አሉት።

«ከብረት።»

«ብረት ውሃ ሲገባው ይሰምጣል። ደንገል ግን ውሃ ቢገባውም ይንሳፈፋል፤ በውስጡ አየር አለ። ውሃው ከላይ ሲፈስበት እንኳ አይገለበጥም። ሞተር የለው፣ አይንቀጠቀጥ። ነገ ጠዋት እኔ ዘንድ ና። አልቀርጽም ካልክ አትቀርጽም፤ ዳር ላይ ጥልቀቱ ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ላይ ተቀምጠህ ትመለሳለህ።»

ጌታሰው ወደ መጋረጃው ዞረ።

አያ ምናሉ ቤታቸው ገብተው ለአዛለች ነገሯት። አዛለች ቀኑ ሳይመሽ የተረፈውን ደንገል አወጣች። እሳቸው ያጠባብቃሉ፣ እሷ ትስባለች፤ እሳቸው የማይዘረጋ ጣታቸው ሲያቅታቸው እሷ ቋጠሮውን ታጠብቃለች። ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ ታንኳ ጨረሱ።

ጠዋት ጌታሰው መጣ። ካሜራውን በደረቱ አቅፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። አያ ምናሉ እጁን ይዘው አስቀመጡት። ጀርባው እንደ እንጨት ደርቋል። የቀርከሃውን መቅዘፊያ አንዴ ገፉ፤ ከዚያ ደግመው ገፉ። ድምፅ የለም። ታንኳዋ ውሃው ላይ አትጋልብም፤ ውሃው ውስጥ ተቀምጣ ከእሱ ጋር ትተነፍሳለች። ጉሙ መጣና ዳሩን ዋጠው፤ ሰማይና ሐይቅ አንድ ሆኑ። አንድ ይብራ የሚባል የውሃ ወፍ ከጉሙ ወጥቶ በራሳቸው ላይ አለፈ፤ የክንፉ ነፋስ ፊታቸው ላይ ተሰማቸው።

ጌታሰው ቀና አለ። ጉሙን አየ፤ ውሃውን አየ። ቀስ ብሎ ካሜራውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና በመመልከቻው አየ። ሥዕሉ አልተንቀጠቀጠም።

«ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር» አለ በሹክሹክታ። «ጀርባዬን ሰጥቼው።»

አያ ምናሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወደ ውስጥ ልግፋ?» አሉት።

«ይግፉ» አለ።

ሐይቁ አላስፈራም፤ ካሜራው ወጣ። ካሜራው ወጣ፤ ትዕይንቱ ተጻፈ፤ ልሳነወርቅ በአንድ ቀን ጽፎ በስልክ ለሶስና አነበበላት። ትዕይንቱ ተጻፈ፤ ንጉሡ መጣ። ንጉሡ መጣ፤ ንግሥቲቱ መጣች፤ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ናሆምን አይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሶስናም «እንባሽን ለነገ አስቀምጪው» አለቻት።

ታንኳው ግን ገና ውሃ አልነካም። ታንኳ ቀዛፊ ሆኖ እንዲሠራ የተመረጠው ትከሻው የሰፋ ጎረምሳ ሲለማመድ በአያ ምናሉ ትንሽ ታንኳ ላይ ሦስት ጊዜ በቦታው ዞረ። ሶስና አየችው፤ ዞራ አያ ምናሉን አየች።

«ልብሱን እሳቸውን አልብሷቸው» አለች።

«እኔን?» አሉ አያ ምናሉ። «እኔ እኮ ላየው ነበር የፈለግሁት።»

«ከዚያ የተሻለ የሚያዩበት ቦታ የለም፣ አያ ምናሉ።»

ሲነጋጋ ጉሙ ሐይቁን ሞልቶት ነበር። ዐሥራ ስድስት ሰው ታንኳውን ተሸክሞ ወረደ። አፍንጫው ውሃውን ነካ። ንግሥቲቱ በነጭ ቀሚስ መሃሉ ላይ ቆመች፤ አያ ምናሉ ከኋላዋ ቆመው ገፉ። ጌታሰው በትንሿ ታንኳ ከጎን ይከተላል፤ እሷን የምትቀዝፍለት አዛለች ናት።

ከጉሙ ውስጥ ንጉሡ ወጣ፤ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ። ውድነሽ ስታየው ያለቀሰችውን ልቅሶ ማንም አላስተማራትም። እጇን ዘረጋችለት፤ ወደ ታንኳው ወጣ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆሙ። ዳር ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ መብራት ያዡ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሹፌሩ፣ ሥራውን ትቶ ያይ ነበር። ትዕይንቱ እዚያ ላይ ያልቃል። ሶስና ግን አበቃ ማለቱን ረሳችው።

«አያ ምናሉ» አለች ውድነሽ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፤ «አልቋል መሰለኝ፤ ይመልሱን እንጂ።»

«ትንሽ እንሂድ፣ ልጄ» አሉ አያ ምናሉ።

ማንም አልከለከላቸውም። ጌታሰውም ካሜራውን አላጠፋም። ፊልሙ ዛሬ ሲኒማ ቤት ሲታይ የሚያልቀው በዚያ ነው። ታንኳው እየራቀ ይሄዳል፤ ንጉሡና ንግሥቲቱ ጉሙ ውስጥ ይጠፋሉ፤ በመጨረሻ የሚቀሩት ከኋላ የቆሙት ሽማግሌና የሚገፉት እጆቻቸው ናቸው። ከዚያ እነሱም ይጠፋሉ፤ መብራት ይበራል፤ ሕዝቡ ግን ቶሎ አይነሳም። ያንን ትዕይንት ከልሳነወርቅ ወረቀቶች ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ማንም አልጻፈውም።