የፊታውራሪ አክሊል

ፊታውራሪ ወንድአፍራሽ ግብር አብልተው ሲጫወቱ፣ ከባሕር ማዶ የተመለሰ አስተማሪ ስለ ፀሐይ ነገራቸው። «ከሁሉ የሚግለው እምብርቷ ነው፤ ወደ ውጭ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ፊቷ ላይ ይደርሳል። የሚገርመው፣ ዙሪያዋን የከበባት አክሊል ከፊቷ እጅግ ይበልጥ ይፋጃል። እሱን በዓይናችን የምናየው ግን ፀሐይ ስትጋረድ ብቻ ነው።»

«እንግዲያ ፀሐይ ማለት እኔ ነኝ!» አሉ ፊታውራሪ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ባለፈው ግብር አሽከሮቻቸው በሬዋን ነድተው ከጌታቸው በረት ያስገቡባት አንዲት ምላሰኛ ባልቴት፣ አቤት ልትል ደጃፉ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ሰምታ ነበር። ፊታውራሪ አዩዋት፤ የመጣችበትንም ያውቁ ነበርና፣ «ነይ አንቺ! በምን በምኔ ፀሐይን እንደምመስል ተናገሪ። ልክ ከሆንሽ በሬሽን ነድተሽ ሂጂ፤ ከሳትሽ ግን ከቀረው በሬሽ ጋር ይታረዳል» አሏት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ቁርጥ እርስዎን!» አለች ባልቴቷ እየሳቀች። «የእርስዎ ፊትማ ምን ያደርጋል፣ ይሞቃል እንጂ አይፈጅም። እኔን የፈጀኝ የከበበዎት አክሊል ነው። እሱም የሚታየው እርስዎ ሊበሉ መጋረጃ ሲጋረድልዎት ነው፤ በሬዬ የተነዳው እርስዎ እዚያ ውስጥ ሲጎርሱ ነበር።»

ፊታውራሪ ሳቃቸው አመለጣቸው። በሬውን አስመለሱላት። በሚቀጥለው ግብርም መጋረጃው ተገፎ፣ ፊታውራሪ ጉንጫቸውን ነፍተው ሲያላምጡ አገር ሁሉ አያቸው።